ወደ ጉንዳኗ እንሂድ ወይስ ጉንዳኗን ወደ ቤታችን እናምጣት?



በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሕፃናት እንዲማሩባቸው ብለን ጉንዳኖችን በጠርሙስ ወይም በመስታወት ሣጥን ዘግተን በቤታችን ማኖር ይገባናልን? አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያነብ «ስንት ከባድ ነገር እያለ ስለ ጉንዳን ይጽፋሉ እንዴ?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ፤ ነገር ግን ሣቁን ሲጨርስ አንድ ነገር ያስብልን። ሕፃን ልጅ በቤት ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ነው። እናቱ ታዝዘዋለች፤ ታላቅ ወንድሙ ይቆጣዋል፤ የግቢው ውሻ እንኳ በጉልበት ይበልጠዋል። እርሱ ጌታ የሚሆንባት፣ ቢወድ የሚያኖራት ቢወድ የሚያጠፋት የመጀመሪያዋ ፍጥረት ጉንዳን ናት። እንግዲህ ሰው ሥልጣንን መለማመድ የሚጀምረው በጉንዳን ላይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ልጁ በዚያች ትንሽ መንግሥቱ ምን ዓይነት ገዥ እንደሚሆን የሚያስተምረው ደግሞ አብሮት የተቀመጠው ታላቁ ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ እኛ ወጣቶች ነን። በሴቻ እንደ ሌላውም ሥፍራ እናትና አባት ለሥራ ሲወጡ ትንንሾቹን የምንጠብቅ፣ በሰንበትም የሕፃናትን ክፍል የምናስተምር እኛው ነንና።

ነገሩን ከማመዛዘናችን በፊት ከየት እንደመጣ እንመልከት። ጉንዳንን በመስታወት መካከል አኑሮ መመልከት አዲስ አይደለም። ሰር ጆን ላቦክ የተባለው እንግሊዛዊ የባንክ ባለቤትና የፓርላማ አባል በሁለት ጠፍጣፋ መስታወቶች መካከል ስስ አፈር አድርጎ ጉንዳኖችን ለብዙ ዓመታት ሲመረምር ኖሮ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1882 በመጽሐፍ አሳተመ። ከጉንዳኖቹም አንዲቱ ንግሥት በእጁ ከ13 ዓመት በላይ ኖራለች። ሻርል ዣኔ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ የዓለም ትርኢት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም የጉንዳን ቤት ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ ወደ ልጆች ገባ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚልተን ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ በፕላስቲክ የተሠራ «የጉንዳን እርሻ» ለገበያ አቀረበ፤ በሕይወት በነበረበት ዘመንም ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ተሸጠለት። ዛሬም ልጆቻችን ይህን በስልክ በሚታዩ ፊልሞች አይተው «እኛም እንሥራ» ይሉናል። የውጭው ሣጥን ባይገኝ የማርማላታ ጠርሙስ በየቤቱ አለ። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ደግፎ የሚናገረውን ወገን በሚገባ እንስማ፤ የሚናቅ ክርክር አይደለምና። ሰው ያላወቀውን ሊወድ አይችልም። ጉንዳንን አተኩሮ አይቶ የማያውቅ ልጅ ስታልፍ በእግሩ ይጨፈልቃታል፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን በዚያች ጥቁር ነጥብ ውስጥ ሕይወት መኖሩን ስላልተረዳ ነው። ያው ልጅ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ከእርሷ የሚበልጥ ጓል ተሸክማ ስትወጣ፣ ከጓደኛዋ ጋር ተገናኝታ በአንቴናዋ ስትነካካ፣ የሞተችውን አውጥታ ከመኖሪያው አርቃ ስትጥል ቢያይ ነገ እግሩን ሲያነሣ ያስባል። ከዚህም በላይ መመልከት ራሱ ትዕግሥትን ያስተምራል። አንድ ሰዓት ዝም ብሎ አንድ ነገር የሚመለከት ልጅ በዚህ ዘመን ብርቅ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን በጠርሙሱ ውስጥ የሚታየው ነገር በእርግጥ የጉንዳን ኑሮ ነውን? እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ጉንዳን ብቻዋን ጉንዳን አይደለችም። የአንድ ጎጆ ጉንዳኖች በሙሉ የአንዲት እናት ወይም የጥቂት እናቶች ልጆች ናቸው። እናቲቱ ንግሥት ዝናብ በጣለ ሰሞን ክንፍ አውጥታ ትበርራለች፤ ከወንዱ ጋር ትገናኛለች፤ ከዚያም ወደ መሬት ወርዳ ክንፏን ታራግፍና ጉድጓድ ቆፍራ ዕንቁላሏን ትጥላለች። በየመንገዱ ስትሯሯጥ የምናያት ሠራተኛ ጉንዳን ሁሉ ሴት ናት፤ የምትደክመውም ለዚያች እናትና ለታናናሾቿ ነው። እኛ ከጎጆው አፍ ላይ 20 ወይም 30 ሠራተኞች ለቅመን በጠርሙስ ብንከት የያዝነው ቤተሰብ ሳይሆን እናትና ሕፃን የሌለበት፣ ነገ የማይወለድበት ማኅበር ነው። በአሜሪካ ይሸጡ የነበሩት ሣጥኖችም እንዲሁ ነበሩ፤ ንግሥቶችን በፖስታ ከግዛት ወደ ግዛት መላክ በሕግ የተገደበ በመሆኑ ገዢው የሚደርሰው ሠራተኞቹ ብቻ ነበሩ። እነርሱም ይቆፍራሉ፤ ይሸከማሉ፤ ይሯሯጣሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥም አንድ በአንድ ያልቃሉ። ልጁ «እንዴት ትጉሃን ናቸው!» ይላል። የሚያየው ግን የሚሠራለት ያጣ ትጋት ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ 6ኛው ምዕራፍ ላይ ጉንዳንን አስተማሪ አድርጎ ሾሟታል። ይህን የሰንበት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ማን ወደ ማን እንደተላከ አስተውለን እናውቃለን? ታካቹ ሰው ተነሥቶ ወደ እርሷ እንዲሄድ ታዘዘ እንጂ እርሷ ተይዛ ወደ ታካቹ ቤት እንድትመጣ አልታዘዘም። ተማሪ ወደ መምህሩ ይሄዳል፤ ይህ በአገራችን የታወቀ ሥርዓት ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ስንት ወንዝ የሚሻገረው መምህሩን አስሮ ወደ መንደሩ ማምጣት አቅቶት አይደለም። መምህር ከወንበሩ ተነቅሎ በግድ ቢመጣ የሚያስተምረው ትምህርት ያው አይሆንም። ከዚህም ሌላ ታካች ሰው የሚድነው በጉንዳኗ ሥራ ብቻ ሳይሆን ተነሥቶ በመሄዱ ጭምር ነው። ጉንዳኗን ከአልጋው አጠገብ ብናመጣለት እየተኛ የሚያያት አንድ መዝናኛ ጨመርንለት እንጂ ከስንፍናው አላነሣነውም።

አሁን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ጉንዳን እኮ ናት! በቁጥር ስንት ናቸው? ጥቂት ብንዘጋ ምን ይጎድላል?» የሚል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በምድር ላይ ያሉትን ጉንዳኖች 20 ሺህ ትሪሊዮን ያህል ብሎ ገምቷል። ይህም ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ይደርሰዋል ማለት ነው። ደግሞስ ማነው ጉንዳን ያልገደለ? እናቶቻችን በስኳር ዕቃ ውስጥ የገባውን ቁጫጭ ያራግፋሉ፤ ገበሬው ሲያርስ ስንት ጎጆ ያፈርሳል፤ ገብረ ጉንዳን ሌሊት በሰልፍ ወደ በረት ወይም ወደ ዶሮ ቤት ሲመጣ አመድ የማይበትን፣ እሳት የማያነድድ የለም። በደጋው በዶርዜ ከቀርከሃ የሚሠራውን ረጅም ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ከታች እየቆረጠ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። (ምስጥ ሲያዩት ጉንዳን ቢመስልም በዘሩ ለበረሮ እንጂ ለጉንዳን ዘመድ አለመሆኑን ለልጆች መንገር ጥሩ ነው።) ታዲያ ሰው ቤቱን ሊጠብቅ ከምስጥ ጋር ቢታገል ማን ይፈርድበታል?

እኛም አንፈርድበትም። ጉንዳን አትንኩ ብለን የምንሰብክ ከሆነ በማግስቱ በወጥ ቤታችን ውሸተኞች እንሆናለን፤ ልጆችም ያንን ቶሎ ያውቁታል። ልዩነቱ ያለው በመንካትና ባለመንካት መካከል ሳይሆን በምክንያቱ ነው። አመድ የሚበትነው ሰው ዶሮውን ለማዳን ነው፤ ገበሬው ልጆቹን ለማብላት ነው። ሁለቱም ግድ ይላቸዋል፤ ሲያበቁም ያቆማሉ። ለማየት ብሎ መዝጋት ግን ግድ የሚል ነገር የለበትም። ግድ የማይል ነገር ሲሆን ደግሞ ሰው የበለጠ ምክንያት ሊጠየቅበት ይገባል። የቁጥሩም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙ መሆን የአንዱን ዋጋ የሚያረክስ ከሆነ ይህ ሚዛን በጉንዳን ላይ አይቆምም፤ ሰውም ብዙ ነውና። ልጅ «ብዙ ስለሆኑ አንዱ ምንም አይደለም» የሚለውን ትምህርት በጠርሙስ ላይ ከተማረው ነገ የት እንደሚጠቀምበት አናውቅም።

ጉንዳን ሕመም ይሰማት እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም የሚከራከሩበት ነገር ነው። ክርክሩ እስኪያበቃ ድረስ ግን በዓይን የታየውን ማወቅ ይበቃናል። ኤሪክ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪና ጓደኞቹ በአይቮሪ ኮስት በኮሞኤ ብሔራዊ ፓርክ ምስጥ የሚያድኑ ጉንዳኖችን ሲከታተሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጽሑፍ ብዙ ሰው አስገርሟል። እነዚህ ጉንዳኖች ከምስጥ ጋር ተዋግተው ሲመለሱ የቆሰሉትን ተሸክመው ወደ ጎጆ ያመጣሉ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደታተመው፣ በጎጆው ውስጥ ሌሎች ጉንዳኖች የቁስለኛውን ቁስል ይልሳሉ፤ ይህ ካልተደረገላቸው ከ100 ቁስለኞች 80 ያህሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሲሞቱ፣ ከተደረገላቸው የሚሞቱት 10 ያህል ብቻ ናቸው። ጉንዳኗ ይህን ስታደርግ እንደ እኛ ታዝናለች አንልም። ነገር ግን ወገኗ እርሷን የሚፈልግ፣ እርሷም ወገኗን የምትፈልግ ፍጥረት መሆኗን አንክድም። ከወገን መለየት ለእንዲህ ያለች ፍጥረት ቀላል ነገር ነው ብሎ መናገር ድፍረት ይሆናል።

እንግዲህ ፍጥረትን በቤት ማኖር ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። እዚህ ላይ የንብ ቀፎን አስቡ። የአገራችን ገበሬ ቀፎ ሠርቶ በዛፍ ላይ ይሰቅላል ወይም በጓሮው ያኖራል። ንቦቹ የእርሱ ናቸው ይባላል። ነገር ግን ቀፎው በር አለው፤ በሩም አይዘጋም። ንቢቱ ማለዳ ወጥታ አበባ ለአበባ ትዞራለች፤ ማታ ትመለሳለች። የምትመለሰው ስለታሠረች ሳይሆን ቤቱ ስለተስማማት ነው። ባለቤቱ ቢበድላት፣ ማሩን አራቁቶ ቢቆርጥባት ኮብልላ ትሄዳለች። ስለዚህ ባለቀፎው ጌታ ቢሆንም የሚገደድ ጌታ ነው፤ ንቢቱ ልትተወው ስለምትችል ደግ መሆን አለበት። ባለጠርሙሱ ግን የሚያስገድደው የለም፤ ቢረሳም ቢያስታውስም ጉንዳኖቹ እዚያው ናቸው። እኛ እንደሚመስለን የጥያቄው ቁልፍ ያለው በዚህ ላይ ነው። ሊለየን የማይችለውን ስንገዛ የሚጠብቀው የእኛ ሕሊና ብቻ ነው፤ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ሕሊና ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ያለ ነው። ያልተሠራ አጥር በሌለው ሜዳ ላይ ማንም ከብት አያሠማራም።

ፍቅር ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ አንድ ነገር በቅርብ በጎረቤታችን በኬንያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ሁለት የ19 ዓመት ቤልጂጋውያን ወጣቶች 5,000 ያህል ጉንዳኖችን፣ አብዛኞቹንም ንግሥቶች፣ ጥጥ በተወተፈባቸው ከ2,000 በላይ ትንንሽ ቱቦዎች አድርገው ሊያወጡ ሲሉ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። እኛ ጉንዳን ወዳዶች ነን፣ ለደስታችን ነው የሰበሰብነው፣ ወንጀል መሆኑን አላወቅንም አሉ። ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ወር እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሠሩ ፈረደ። የያዟቸውም ዘር ለቃሚ፣ ጎተራ የሚያከማቹ ጉንዳኖች ወገን ነበሩ፤ ብዙ ሊቃውንት የሰሎሞንዋ ጉንዳን ናት የሚሏትም የዚያው ወገን ናት። እነዚህ ልጆች በዕድሜ የእኛ እኩዮች ናቸው። ጉንዳን ይጠላሉ የሚል የለም፤ እንዲያውም ከብዙ ሰው ይልቅ ይወዱ ነበር። ነገር ግን ከእያንዳንዷ ንግሥት ጋር የሚቀረው ጎጆ፣ ከጎጆውም ጋር የሚጎድለው የምድር ጥቅም አልታያቸውም። መውደድ «የእኔ ይሁን» ወደ ማለት ሲዞር ዓይን ይጠብባል።

ስለ ሥልጣን ከተነሣ እኛ በአርባ ምንጭ የምንኖር ከሩቅ ምሳሌ አንፈልግም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በሌላ ሥፍራ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በከተማችን ለበቀል ሲነሡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሰውንና ጉንዳንን አንድ አድርገን እንዳልተናገርን አንባቢ ይረዳልን። የምንለው ይህ ነው፤ ማድረግ እየቻሉ መተው፣ እጅን አንሥቶ መልሶ ማውረድ፣ በአንድ ቀን የሚማሩት ነገር አይደለም። ከሕፃንነት ጀምሮ በትንሽ ነገር ሲለማመዱት በትልቁ ቀን ይገኛል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ልጆቹን ይዘን መውጣት ነው። ሴቻ ላይ ለዚህ የሚሆን ሥፍራ አይጠፋም። ከማንጎው ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከድንጋይ ካቡ አጠገብ የጉንዳን መንገድ አለ። ማለዳ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ፤ ትንሽ የእንጀራ ፍርፋሪ ከጎጆው አፍ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገን እናኑር፤ መጀመሪያ ያገኘችው ምን እንደምታደርግ፣ ስንት እኅቶቿን ይዛ እንደምትመለስ ልጆቹ ይቁጠሩ። በመንገዳቸው ላይ በጣት አንድ መስመር ብናብስ ሽታው ስለሚጠፋባቸው እንዴት እንደሚደናገሩና እንደገና መንገዳቸውን እንደሚያገኙ ይመልከቱ። ሲመሽ ልጁ ወደ ቤቱ፣ ጉንዳኗም ወደ ቤቷ ትገባለች።

ሕመምተኛ ሕፃን ስላለ ወይም በክረምት መውጣት ስላልተቻለ በጠርሙስ ለማሳየት የወደደ ቢኖር ግን ፈጽሞ አታድርግ አንለውም፤ እነዚህን ይጠብቅ እንላለን። አንደኛ፣ ጊዜው አስቀድሞ ይወሰን፤ ከሦስት ቀን አይለፍ፤ የሚመለሱበትን ቀን ልጁ ራሱ በወረቀት ላይ ምልክት ያድርግ። ሁለተኛ፣ ንግሥትም ዕጭም አይነካ፤ የሚናደፉትና ገብረ ጉንዳንም አይያዙ። ሦስተኛ፣ በትልቁ ጠርሙስ ውስጥ የተከደነ ትንሽ ጠርሙስ ቢገባና አፈሩ በሁለቱ መካከል ቢሞላ መተላለፊያቸው ከመስታወቱ ጋር ስለሚጠጋ ይታያል፤ ጨለማ ስለሚወድዱም በማይታዩበት ሰዓት ጥቁር ጨርቅ ይልበስ። አየር የሚያስገባ ስስ ጨርቅ በአፉ ይታሰር፤ ውኃ የነካ ጥጥ ይግባ፤ የሴቻ ፀሐይ በመስታወት ሲያልፍ ያቃጥላልና በመስኮት አጠገብ አይቀመጥ። ጠርሙሱም ትንንሾቹ ጎትተው ሊጥሉት ከማይችሉበት ይሁን። አራተኛ፣ ሲመለሱ ከተወሰዱበት ጎጆ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይለቀቁ። ጉንዳኖች ወገናቸውን የሚለዩት በሽታ ነው፤ በባዕድ ጎጆ አጠገብ የተጣለች ጉንዳን ነክሰው ይገድሏታል። ብዙ ቀን ተለይታ የቆየችም ሽታዋ ስለሚለወጥ የገዛ ወገኖቿ እንኳ ሊጠረጥሯት ይችላሉ። አምስተኛ፣ በመካከል ብትሞት ልጁ ሳያይ ወስደን አንጣል። «ለምን ሞተች?» ብሎ ሲጠይቅ «ከቤቷ ስለወሰድናት ይሆናል» ብሎ እውነቱን መንገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ከእነዚህም ሁሉ የመመለሱን ቀን ትልቁ ትምህርት አድርገን እንቆጥረዋለን። ብዙ ልጅ መያዝን ያውቃል፤ ማንም አያስተምረውም፤ ጨቅላ ሳለ ጣቱን የያዘውን አይለቅም። መልቀቅን ግን የሚማረው ከሰው ነው። ጠርሙሱን በእጁ ይዞ ወደ ጎጆው ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጨርቁን ፈትቶ፣ የወደዳቸውን አንድ በአንድ ሲገቡ አይቶ ባዶውን ጠርሙስ ይዞ የሚመለስ ሕፃን አንድ ነገር አውቋል፤ ይኸውም የወደዱት ነገር ሁሉ የራስ መሆን እንደሌለበት ነው። ይህን ስንት ሽማግሌ ሳያውቀው አልፏል።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በሚመጣው ሰንበት ሕፃናቱን ስንሰበስብ ወንበሩን ትተን ወደ ግቢው እንውጣ። መምህሯ ከዛፉ ሥር ሥራ ላይ ናት፤ ጎንበስ የሚል ተማሪ ብቻ ትፈልጋለች።